አምስት ዶላር በቀን፤ የፎርድ ፋብሪካ ሠራተኞች ታሪክ

በ1913 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በሃይላንድ ፓርክ የነበረው የፎርድ መኪና ፋብሪካ 14 ሺህ ያህል ሠራተኛ ያስፈልገው ነበር። ይህን ቁጥር ሳያጎድል ለመዝለቅ በዚያው አንድ ዓመት ውስጥ የቀጠረው ሰው ግን ከ52 ሺህ ይበልጣል። ዛሬ የተቀጠረው በሳምንቱ የለም። በእሱ ቦታ የገባውም ወሩን ሳይደፍን ይሄዳል። ብዙዎቹ መልቀቃቸውን እንኳ ለማንም አልተናገሩም። አምስት ቀን በተከታታይ ሳይመጣ የቀረ ሰው እንደለቀቀ ይቆጠር ስለነበር የቅጥር ክፍሉ መዝገብ በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ስም ተሞላ። የዓመቱ የሠራተኛ ፍልሰት በመቶኛ ሲሰላ 370 ሆነ። በማናቸውም የሥራ ቀን ደግሞ ከአሥር ሠራተኛ አንዱ ከሥራው ይቀር ነበር።

ሰዎቹ የሸሹት ከሥራው ነው። ሞዴል ቲ የተባለችው መኪና በ1908 ገበያ ላይ ስትውል ዋጋዋ 850 ዶላር ነበር፤ ሄንሪ ፎርድ ደግሞ ገበሬውም ሆነ ሠራተኛው ሊገዛት እንዲችል ዋጋዋን ለማውረድ ቆርጦ ተነሥቷል። አርክቴክቱ አልበርት ካን የነደፈው የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ በ1910 ሥራ ሲጀምር ገና ሙያ የሚባል ነገር ነበር፤ መካኒኮች መኪናውን ከበው፣ መሣሪያቸውን እየመረጡ፣ አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር እያስማሙ ይገጣጥሙ ነበር። በ1913 መኸር ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሲመጣ ይህ ሁሉ አከተመ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው የሻሲ ገጠማ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። ቡሎኑን የሚያስገባው ሰው ዳዶውን አያስገባም፤ ዳዶውን የሚያስገባው አያጠብቅም። አንድ ሰው አንድ እንቅስቃሴ፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ መስመሩን በሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ፍጥነት።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው በቀን 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ነበር። በዲትሮይት ሌሎች ፋብሪካዎችም ከዚህ ብዙ የማይርቅ ይከፍላሉ፤ ሌላው ቦታ ግን ቢያንስ ሠራተኛው ቀና ብሎ ጓደኛውን ማነጋገር፣ ለአፍታ ወገቡን ማሳረፍ ይችላል። ስለዚህ ለቀው ሄዱ። የዚያ ዓመት ፍልሰት የሠራተኞቹ ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ማኅበር የላቸውም፣ ቅሬታቸውን የሚሰማ ቢሮ የለም፣ ግማሽ ያህሉም እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የቀራቸው መናገሪያ እግራቸው ብቻ ነው።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1914 የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት ጄምስ ኩዘንስ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ዓለምን ያስደነቀውን ማስታወቂያ አነበበ። ከእንግዲህ ፎርድ በቀን አምስት ዶላር ይከፍላል፤ የሥራው ቀንም ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ስምንት ይወርዳል፤ ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ይሠራል። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ፈላጊው በሺዎች ሆኖ በሩን አጥለቀለቀው። ከሌሎች ከተሞችም በባቡር መጡ። ሳምንቱ ባለቀበት በጃንዋሪ 12 የተገፋፋውን ሕዝብ ለመበተን ፖሊስ የእሳት አደጋ ውኃ ለቀቀበት። ሚሺጋን በጃንዋሪ ምን ዓይነት ብርድ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ያ ውኃ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

በዚያው ወር የሆነ ሌላ ነገር ግን አለ፤ የታሪክ መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል፤ የገናን ጾም ጾሞ ታኅሣሥ 29ን የሚያከብር አንባቢ ግን ቆም ብሎ ሊያየው ይገባል። በሃይላንድ ፓርክ ይሠሩ ከነበሩት ስደተኞች መካከል ብዙ የግሪክና የሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን ነበሩ። እነሱ ገናን የሚያከብሩት በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር፣ አሜሪካውያን ካከበሩ ከ13 ቀን በኋላ፣ ማለትም ልክ በእኛው ገና ዕለት ነው። አምስት ዶላሩ በታወጀ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። በዓሉን ሊያከብሩ ከሥራ ቀሩ። ኩባንያው 900 ያህሉን አባረራቸው። የተሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለመኖር የመጣ ሰው የአሜሪካንን በዓል ያክብር የሚል።

ዘጠኝ መቶ ሰው ማለት በዚያን ጊዜ ከፋብሪካው ሠራተኛ ከአሥራ አምስቱ አንድ ማለት ነው። ጥፋታቸው የሃይማኖታቸውን ታላቅ በዓል ማክበራቸው ነበር፤ ከአሥር አንድ ሰው በየቀኑ ይቀርበት በነበረ ፋብሪካ ውስጥ የአንድ ቀን መቅረት ለእነሱ ብቻ መባረሪያ ሆነ። ከበሩ ውጪ በውርጭ የቆሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራ ፈላጊዎች በነበሩበት ሳምንት ኩባንያው ማንንም ማባበል አላስፈለገውም።

ለቀሩትም ቢሆን አምስቱ ዶላር እንዲሁ የሚሰጥ አልነበረም። ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር ደመወዝ፤ ቀሪው “የትርፍ ድርሻ” ተባለ፤ የትርፍ ድርሻውን ለማግኘት ደግሞ ሠራተኛው በፋብሪካው ውስጥ ከሚሠራው በተጨማሪ ከፋብሪካው ውጪ እንዴት እንደሚኖር መፈተሽ ነበረበት። ባለትዳር ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖርና የሚንከባከብ፣ ላጤ ከሆነ ከ22 ዓመት በላይ የሆነና ቆጣቢነቱ የታወቀ፣ ከዚያ በታች ከሆነ የሚጦረው ዘመድ ያለው መሆን አለበት። ሴቶች ሠራተኞች መጀመሪያ ላይ ጭራሹን አልተካተቱም፤ የተካተቱት በ1916 ነው።

ይህን የሚያጣራ “ሶሲዮሎጂ ክፍል” የሚባል ተቋቋመ። ጆን ሊ የተባለ ኃላፊ መሠረተው፤ በኋላም ሳሙኤል ማርኲስ የተባሉ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን መሩት። መርማሪዎቹ ሾፌርና አስተርጓሚ ይዘው በየሠፈሩ ይዞሩ ነበር። በር ያንኳኳሉ፤ ባልየው ይጠጣል ወይ ብለው ሚስቱን ይጠይቃሉ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያያሉ፤ የባንክ ደብተር ያገላብጣሉ፤ ዕዳ ይቆጥራሉ፤ አልጋው ስንት ሰው እንደሚያስተኛ፣ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን፣ ደባል መኖሩን ይመዘግባሉ። ጎረቤትም ይጠየቃል። በፈተናው የወደቀ ሠራተኛ የትርፍ ድርሻው ይያዝበታል፤ በስድስት ወር ውስጥ ካልተስተካከለ ይሰናበታል። ደባል ማስቀመጥ ለብዙ ስደተኛ ቤተሰብ ኪራይ መሸፈኛው፣ ከአገሩ ልጅ ጋር መተጋገዣው ነበር፤ በፎርድ መዝገብ ላይ ግን የብልግና በር ተብሎ ተጻፈ።

ቋንቋውም አልቀረም። በ1914 የፎርድ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ ሠራተኞች ከፈረቃቸው በፊት ወይም በኋላ እንዲማሩ ተገደዱ። ማንበብና መጻፍ መማር መልካም ነው፤ ብዙዎችም ተጠቅመውበታል። የምረቃው ሥነ ሥርዓት ግን የትምህርቱን መንፈስ ይናገራል። በመድረኩ ላይ የመርከብ ሥዕል ይቆማል፤ ከፊቱ ግዙፍ ድስት ይቀመጣል። ተመራቂዎቹ የአገራቸውን ልብስ ለብሰው፣ ጓዛቸውን ተሸክመው ከመርከቡ ወርደው ወደ ድስቱ ይገባሉ። መምህራኑ በረጅም ማማሰያ ያማስላሉ። ከዚያ ሰዎቹ የአሜሪካ ሱፍ ለብሰው፣ የአሜሪካንን ባንዲራ እያውለበለቡ ይወጣሉ። ገናቸውን ያከበሩ 900 ሰዎች የተባረሩበት ምክንያት እዚህ መድረክ ላይ በትዕይንት ተሠራ።

በጃንዋሪ 1914 መጨረሻ አንዲት የመስመር ሠራተኛ ሚስት ለሄንሪ ፎርድ ደብዳቤ ጻፈች። ስሟን አልገለጸችም። ባሏ ወደ ቤት ሲገባ እራቱን እንኳ መብላት ተስኖት እንደሚዘረር፣ የመስመሩ አሠራር ባሪያ ነጂ እንደሆነ ነገረችው፤ መፍትሔ ሊበጅለት አይችልም ወይ ብላም ጠየቀችው። አምስቱ ዶላር ትልቅ በረከት መሆኑን አልካደችም፤ ነገር ግን ሰዎቹ ያገኙት ለፍተው፣ ከልክ በላይ ለፍተው ነው አለችው። ደብዳቤው በታሪክ ማኅደር ተቀምጦ እስከ ዛሬ ይነበባል። ያቺ ሴት ኩባንያው ያልተረዳውን፣ ወይም ሊረዳው ያልፈለገውን ነገር በአጭሩ ጨርሳዋለች። የጠየቀችው ስለ መስመሩ ፍጥነት ነው። ኩባንያው መልስ ያዘጋጀው ግን ለሌላ ጥያቄ፣ ለደመወዝ ጥያቄ ነበር።

ገንዘቡ በራሱ ረገድ ሥራውን ሠርቷል። የሠራተኛው ፍልሰት በ1914 ወደ 54 በመቶ፣ በ1915 ወደ 16 በመቶ ወረደ። ፎርድ ራሱ የአምስት ዶላሩን ቀን ወጪ ከቀነሱለት ታላላቅ ውሳኔዎቹ እንደ አንዱ ይቆጥረው ነበር። እዚህ ላይ ፍርዱ ሚዛናዊ መሆን አለበት። ሌላው አሠሪ በሩን በዘጋባቸው ጊዜ ፎርድ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች በብዛት ቀጥሯል፤ በአንድ ወቅት በተደረገ ቆጠራ ቁጥራቸው ከ9 ሺህ በላይ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያንን ከማንም የዲትሮይት አሠሪ የበለጠ ቀጥሯል፤ ምንም እንኳ አብዛኞቹን እሳትና ጭስ ወዳለበት የብረት ማቅለጫ ቢሰዳቸውም። ከእርሻ ቀን ሥራ ወጥቶ ቤት የሠራ፣ ልጁን ያስተማረ ቤተሰብ በዲትሮይት ብዙ ነው። የሠራተኛው ሸክም ግን ከእነዚህ መልካም ነገሮች ጋር አብሮ ቀጠለ እንጂ አልቀለለም።

ከዚያ የመጀመሪያው ዓለም ጦርነት መጣ፤ ዋጋ ተወደደ። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ በ1914 የተባለለት አምስት ዶላር የሚገዛው ከቀድሞው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። ኩባንያው በ1919 ደመወዙን ስድስት ዶላር አደረገ፤ ይህም ጉድለቱን አልሸፈነም። በ1920 መጨረሻ ገበያው ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው ለሳምንታት ተዘጋ። የቢሮ ሠራተኛው ቁጥር ከ1,074 ወደ 528 እንዲወርድ ተደረገ፤ ፎርድ ይህን በራሱ መጽሐፍ በኩራት ጽፎታል። ካህኑ ማርኲስ ከኃላፊዎች ጋር ሲጋጩ ቆይተው በ1921 ለቀቁ፤ ሶሲዮሎጂ ክፍሉም ከእሳቸው ጋር ከሰመ። የፎርድ ገንዘብ ከሌላው የሚበልጥበት ጊዜ አልፏል። ቁጥጥሩ ግን አልቀረም፤ አሁን ደግሞ ካህን የሌለው ቁጥጥር።

ሥራው ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ የሩዥ ፋብሪካ ተዛወረ። ዲርቦርን ውስጥ በሩዥ ወንዝ ዳር የተሠራው ይህ ግቢ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ነበር፤ የብረት ማዕድን በአንድ በኩል ገብቶ መኪና ሆኖ በሌላው ይወጣል፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይሠራበት ነበር። ሕጉ ጥብቅ ነው። በሥራ ሰዓት ማውራት፣ መቀመጥ፣ ማፏጨት፣ ማጨስ ክልክል። ለምሳ 15 ደቂቃ ገደማ፤ እጅ መታጠቢያውም በዚያው ውስጥ። ሠራተኞቹ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ዓይናቸውን ከሥራው ሳያነሡ መነጋገርን ተማሩ፤ ይህም “የፎርድ ሹክሹክታ” የሚል ስም ወጣለት። ፊታቸው ድንጋይ መምሰሉንም የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በ1940 አንድ ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ በመገኘቱ፣ መስመሩንም ለግማሽ ደቂቃ ያህል አዘግይቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ተባርሯል።

ይህን ሥርዓት የሚያስከብረው “ሰርቪስ ዲፓርትመንት” የሚባለው ክፍል ነበር። ኃላፊው ሃሪ ቤኔት የቀድሞ የባሕር ኃይል አባልና ቦክሰኛ ነው፤ ቢሮው በአስተዳደሩ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብሎ በሽጉጥ ዒላማ ይለማመዳል። በሥሩ 3 ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩት፤ የቀድሞ ቦክሰኞች፣ የቀድሞ ፖሊሶች፣ በአመክሮ የተፈቱ እስረኞች። እነዚህ ሰዎች መለያ ልብስ አይለብሱም። አጠገቡ የቆመው ባልደረባ ይሁን ሰላይ ሠራተኛው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ካፖው ይጮኻል፣ ሰላዩ ይሰማል፤ ስለ ማኅበር ያወራ ሰው በማግስቱ መግቢያ ካርዱ ከቦታው የለም።

ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ሁሉንም አባባሰው። በ1929 መጀመሪያ ከ120 ሺህ በላይ የነበረው የፎርድ ሠራተኛ በ1931 ክረምት ወደ 37 ሺህ ወርዶ ነበር። ማርች 7 ቀን 1932 በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራ አጦች ከዲትሮይት ተነሥተው በብርድ ወደ ሩዥ በር ተጓዙ። ጥያቄያቸው ሥራ፣ የማገዶ ከሰል፣ ሕክምና፣ የመስመሩ ፍጥነት እንዲቀንስ ነበር። የዲርቦርን ወሰን ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ለቀቀ፤ በሩ ዘንድ ሲደርሱ ፖሊስና የፎርድ ጥበቃዎች ተኮሱ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አምስተኛው በኋላ ከቁስሉ ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ዲትሮይታውያን ለቀብር ወጡ። በግድያው የተቀጣ ሰው የለም።

በ1935 የዋግነር ሕግ ሲወጣ ሠራተኛው በማኅበር የመደራጀት መብቱ በፌዴራል ሕግ ታወቀ። በ1937 መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ፣ ቀጥሎም ክራይስለር የመኪና ሠራተኞችን ማኅበር ተቀበሉ። ፎርድ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ሜይ 26 የማኅበሩ አደራጆች ዋልተር ሩተር፣ ሪቻርድ ፍራንከንስቲንና ጓደኞቻቸው ከሩዥ በር ቁጥር 4 ፊት ለፊት ባለው የእግረኛ ድልድይ ላይ በራሪ ወረቀት ሊያድሉ ወጡ፤ ፈቃድም ነበራቸው። የቤኔት ሰዎች ከበው ደበደቧቸው። የፍራንከንስቲንን ኮት ወደ ላይ ገልብጠው እጁን ካሰሩ በኋላ ረገጡት፤ ሩተርን እየጎተቱ በደረጃው ወረወሩት፤ ወረቀት ሊያድሉ የመጡ ሴቶችም አልተረፉም። የዲትሮይት ኒውስ ፎቶ አንሺ ያነሳቸውን ፊልሞች መኪናው ውስጥ ደብቆ፣ ባዶዎቹን ለቤኔት ሰዎች ሰጥቶ አመለጠ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ ሥዕሉን አየ። የፌዴራሉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድም ኩባንያው ሕጉን ጥሷል ብሎ ወሰነ።

ሌላ አራት ዓመት ፈጀ። ፎርድ ጉዳዩን በየፍርድ ቤቱ ይዞ ቆየ። ኤፕሪል 1 ቀን 1941 ኩባንያው ስምንት የማኅበር ሰዎችን ሲያባርር የሩዥ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ወጡ። ወደ ፋብሪካው የሚያስገቡትን መንገዶች በራሳቸው መኪኖች ዘጉ፤ ከእነዚያ መኪኖች ብዙዎቹ ራሳቸው የገጣጠሟቸው ናቸው። ኩባንያው ጥቁር ሠራተኞችን በነጮቹ ላይ ሊያስነሣ ሞከረ፤ ከ1 ሺህ በላይ የሚሆኑትም ግቢው ውስጥ ቀሩ። የጥቁሮች መብት ተሟጋች ዋልተር ኋይት ከኒውዮርክ ድረስ መጥቶ ከግቢው እንዲወጡ ተማጸናቸው። ሠራተኛውን በዘር ለይቶ የማጋጨቱ ውጥን አልያዘም። አድማው በአሥር ቀን አበቃ፤ ሜይ 21 በተደረገው ምርጫ 70 በመቶ ያህሉ ለመኪና ሠራተኞች ማኅበር፣ አብዛኛው ቀሪ ለሌላ ተፎካካሪ ማኅበር ድምፁን ሰጠ። ማኅበር አያስፈልገንም ያሉት ከመቶ ሦስት አይሞሉም። ለ30 ዓመት ያህል “ሠራተኞቼ ደስተኛ ናቸው” ሲል ለኖረ አሠሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

ቻርልስ ሶረንሰን የተባለው የፎርድ የቅርብ ሰው በትዝታው እንደጻፈው አዛውንቱ ፎርድ ከመፈረም ፋብሪካውን ለመዝጋት ወስኖ ነበር፤ ሐሳቡን ያስቀየረችው ደም ይፈሳል ብላ የሰጋችውና ጥላው እንደምትሄድ የነገረችው ሚስቱ ክላራ ናት። ስምምነቱ ጁን 20 ቀን 1941 ተፈረመ። በማኅበር እንቅስቃሴ የተባረሩት ወደ ሥራ ተመለሱ፤ የሰርቪስ ክፍል ሰዎች መለያ እንዲያደርጉ ተደረገ፤ ሠራተኛው ከካፖው ጋር ሲጋጭ አብሮት የሚቆም ተወካይ አገኘ። በ1945 መስከረም የፎርድ የልጅ ልጅ ዳግማዊ ሄንሪ ኩባንያውን ሲረከብ በመጀመሪያው ቀን ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ሃሪ ቤኔትን ማሰናበት ነበር።

ከአምስት ዶላሩ ማስታወቂያ እስከዚያ ፊርማ 27 ዓመት ከአምስት ወር ሄዷል። ሄንሪ ፎርድ በ1914 ለከፈለው ገንዘብ የሚገባው ምስጋና አለ፤ በሩዥ ግቢ ሰው እንደ ሰው ቀና ብሎ እንዲሠራ ላደረገው ለውጥ ግን ምስጋናው የሚገባው በድልድዩ ላይ ለተደበደቡት፣ በ1932 በበሩ ፊት ለወደቁት፣ በ1941 መንገዱን በመኪናቸው ለዘጉት ሠራተኞች ነው።